አድራሻዋን የምትረሳው ሳጥን

የጽዋ ማኅበሩ አባላት ብዙነህን «እንግዳው» ይሉታል። ሰበታ ተወልዶ ሰበታ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ግን የማርያም ዕለት ጸሎቱ ገና ሳይጋመስ ስልኩ ይጮህና ጫማውን እየፈለገ ይወጣል።

የሚጠራው ተፍኪ መንገድ ላይ ያለው የዘይት ፋብሪካ ነው። ብዙነህ እዚያ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ሙያውን ከእግዚአብሔርና ከተበላሹ ኮምፒውተሮች በቀር ያስተማረው የለም። በፋብሪካው በር ላይ ኑግ የጫኑ መኪኖች የሚመዘኑበት ያረጀ ሚዛን አለ። ሚዛኑ ኔትወርክ የሚባል ነገር ሳይሰማ የተሠራ ስለሆነ፣ ከቢሮው ጋር የምታነጋግረው አስተርጓሚ ተገዛችለት። ተርሚናል ሰርቨር ይሏታል፤ የዳዊት መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ናት። ጥፋቷ አንድ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የኔትወርክ አድራሻዋን ትረሳለች። ብዙነህ ሄዶ በእጁ ካልጻፈላት ሚዛኑ ዲዳ ይሆናል፣ ሾፌሮቹም ጥሩምባ ይነፋሉ።

አሁን ደግሞ የሚመጣው ማርያም የብዙነህ ተራ ሆነ፤ ድግሱ በእሱ ቤት ነው።

«ደግሰህ ከጠፋህ» አለችው ሚስቱ ወርቅውሃ፣ «አንተን አስወጥቼ ያቺን ሳጥን ነው ማኅበር የማስገባት። እሷ እንኳ ከቦታዋ አትነቃነቅም!»

ብዙነህ ሳጥኗን አድራሻዋን ራሷ ከቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ጠይቃ እንድትቀበል አስተካከላት። ነቅሎ ሲሰካት ተቀበለች። ተመስገን አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን እንደገና ባዶ ሆና ተገኘች።

«ጠበል እርጫት» አለች ወርቅውሃ።

«ኤሌክትሪክ እኮ ናት!»

«ሰይጣኑስ ኤሌክትሪክ ይፈራል?»

ድግሱ ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት ብዙነህ ጥበቃው ኦቦ ዱባለ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ መብራት ጠፋ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ብሬከሮቹን ሁሉ አወረዱ፤ የሚመለሰው መብራት ዕቃ ያቃጥላል ብለው ነው። መብራቱ ሲመጣ የሚዛን ቤቱን መልሰው አበሩ። ከዚያ ወደ ሾፌሮቹ ዞረው «አካም ጅርቱ? ነጋዳ?» እያሉ የልጁንም የከብቱንም ጤና ጠየቁ። ቢሮውን ሊያበሩ የሄዱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ብዙነህ ግንባሩን መታ። ሳጥኗ ነቅታ አድራሻ ስትጠይቅ፣ አዳዩ ሰርቨር ገና አልተነሣም። ጥቂት ጊዜ አንኳኩታ ተስፋ ትቆርጣለች።

«ኦቦ ዱባለ፣ ለምን ቢሮውን አያስቀድሙም?»

«ቢሮው ጥሩምባ አለው እንዴ?»

ብዙነህ አሰበበት። ከኦቦ ዱባለ ይልቅ ሳጥኗን መለወጥ ይቀላል። ገብቶ የመጠየቂያዋን ገደብ አነሣና መልስ እስክታገኝ ደጅ እንድትጠና አደረጋት። ሰርቨሩ ላይም ለሌላ የማይሰጥ የራሷን አድራሻ አስያዘላት።

የማርያም ዕለት ቤቱ ሞላ። መምሬ ቆመው ጸሎቱን ጀመሩ። መብራት ጠፋ፤ ጧፍ በራ። ቆይቶ መብራቱ ሲመለስ ማኅበርተኛው ሁሉ የብዙነህን እግር ተመለከተ። ስልኩ ጮኸ።

«በል እንግዳው፣ ጫማህ በሩ ሥር ነው» አለ አንዱ። ወርቅውሃ ዓይኗን ጨፈነች።

«ኢንጂነር!» አሉ ኦቦ ዱባለ፤ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «መብራት ሄዶ መጣ!»

«ሚዛኑስ?» አለ ብዙነህ።

«ይመዝናል።»

«ታዲያ ለምን ደወሉ?»

«እኔ እንጃ፣ ለምዶብኝ ነው። በዓሉ እንዴት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ መምሬም ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከልለው ጸሎቱን ቀጠሉ። ብዙነህ ስልኩን ዘጋና ተመስገን እያለ ቆመ። መምሬ ግን ከጻድቃን ወደ ሰማዕታት፣ ከሰማዕታት ወደ አገር ሰላም ተሻገሩ፤ ከዚያም የዝናቡን ጸሎት ያዙ። ብዙነህ ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይቆም ጀመር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይረዝማል?» አላት ወርቅውሃን በሹክሹክታ።

«ቁም» አለችው።