በስሟ ፈንታ የጻፍኩት

ልጅ ሳለሁ፣ ጂንካ ገና ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ብቻ በነበሯት ዘመን፣ አራተኛ ክፍል የክፍል አለቃ ነበርኩ። የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። መምህራችን ወጣ ሲሉ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ሲመለሱ እያነበቡ ይገርፋሉ። በክረምት ክፍሉ ጠመኔና የረጠበ ልብስ ይሸት ነበር።

አብራኝ የምትቀመጠው በላይነሽ በክፍላችን ብቸኛዋ የአገሬው የአሪ ሕዝብ ልጅ ነበረች። በእረፍት ሰዓት ከተማዋ መሃል ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። አንድ ቀን እኔ የተሳሳትኩትን ሒሳብ እሷ ሠራችው። መምህሩ፣ "አለቃችን፣ እስቲ ከጎንሽ ካለችው ልጅ ተማሪ" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀብኝ።

በማግሥቱ መምህሩ ሲወጡ በላይነሽ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን ጻፍኳት። ስሟን አልነበረም የጻፍኩት፤ ከሰሜን መጥተው የሰፈሩት ወላጆቻችን የአሪን ሰው የሚጠሩበትን የስድብ ቃል ነው። ቤታችን ውስጥ በየቀኑ የሚባል ስለነበር በዚያው በሚያምር ጽሕፈቴ ጻፍኩት።

መምህሩ ሲያነቡ እዚያ ደርሰው እንኳ አላመነቱም። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በላይነሽ ተነሣች።

"ስሜ በላይነሽ ነው፣ መምህር።"

"የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። ነይ ወደዚህ!"

ደብተሯን ይዛ በበሩ ወጣች።

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጥቼ፣ በላይነሽን ከእናቷ ጋር ጎመን ስትሸጥ አገኘኋት። እናቴ እናትየዋን በዚያው ቃል ጠርታ፣ "እስሩ ስንት ነው?" አለች። ሴትዮዋም ፈገግ ብለው፣ "እንደወደዱ፣ እሜቴ" አሏት። እናቴ እንዲያ ያለችው በክፋት አልነበረም፤ ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም። በላይነሽ እናቴን አላየቻትም። ያየችው እኔን ነው። ጎመኑን ተቀብዬ ዘንቢላችን ውስጥ ከተትኩ። ትምህርት ቤትም አልተመለሰችም።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው ጂንካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ በምዝገባ ሰሞን፣ በላይነሽ ልጇን አስከትላ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። እኔም አወቅኋት፣ እሷም አወቀችኝ፤ ሰላምታ ግን አልተለዋወጥንም።

"የልጅቷ ስም?" አልኩ።

ነገረችኝ፤ ጻፍኩ።

"እስቲ አሳዪኝ" አለች።

መዝገቡን አዞርኩላት። በዚያች በአራተኛ ክፍል ንባቧ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ የልጇን ስም ቀጥሎም የአባቷን አነበበች። ከኋላዋ የተሰለፉት አጉረመረሙ። አልቸኮለችም።

"ልክ ነው" ብላ ልጇን ይዛ ሄደች። ይቅርታ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ቀጣይ" አልኩ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ከአሪም ከማሌም ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ይማራሉ፤ ያን ቃል ቤታችን ውስጥ ሰምተውት አያውቁም። የእኔ ዘመን ሰዎች ስንሰበሰብ ግን፣ "ያኔ እኮ ስድብ አልነበረም" የሚል አይጠፋም።

"ለማን?" እላለሁ።

ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ይቀዝቅዝ።