የሁለቱ ሰርቨሮች ካርድ

ልጄ፣ ትናንት ወደ ሥራ ቦታሽ ስትወስጂኝ፣ የሰርቨሮቹ ክፍል በር ሲከፈት የወጣው የጋለ አቧራ ሽታ እግሬን ያዘው። አንቺ የደከመኝ መስሎሽ ወንበር አቀረብሽልኝ። ድካም አልነበረም። በጎረምሳነቴ ይዞኝ የነበረው ቅናት ነው የመጣብኝ።

ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበርኩ፤ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የሚገማገምበት ዘመን። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ የሚይዙት ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰርቨሮች፣ በጭነት መኪና ሲመጡ የተረከብኳቸው እኔ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ለእያንዳንዳቸው ካርድ አወጣሁ፤ መቼ እንደገባ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተቀየረለት፣ እስኪወገድ ድረስ። ካርዱ ላይ ሳይሰፍር ብሎን እንኳ አይፈታም ነበር።

ከዚያ ዲፕሎማ ያለው ባለሙያ ተቀጠረ፤ በዕድሜ እኩያዬ። አለቃችን የክፍሉን ቁልፍ ከእኔ ተቀብለው ለእሱ ሰጡት። እኔ የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ በብርድ ስንቀጠቀጥ፣ እሱ ማሽኖቹ በሚያሞቁት ክፍል እያፏጨ ይሠራል። ፉጨቱ በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል። ጸሐፊዎቹ በቀልዱ ሲስቁ ብዕሬ ይቆም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጎበዝ ነበር። ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

አንድ ቀን አንደኛው ሰርቨር ተበላሸ። ባለሙያው የገበሬው የመሬት መዝገብ ያለባቸውን ሁለት ዲስኮች ነቅሎ ወደ ሁለተኛው አዛወራቸው። ለሥራ ወደ ዘመሮ የሚወስደው መኪና እየጠበቀው በመስኮቴ ብቅ አለ።

«የካርዱ ጌታ፣ ዲስኮቹን ወደ ሁለተኛው አዙሬያቸዋለሁ። አስፍርልኝ እንጂ፤ አንተ ሳትጽፍማ ማሽኑም አይነሳ» አለኝ እየሳቀ።

እሺ አልኩ። አልጻፍኩም። ረስቼ አይደለም፤ ሥርዓት የማያውቅ መሆኑ እንዲታይ ፈልጌ ነው።

ከወራት በኋላ የተበላሸውን የሚያስወግድ ኮሚቴ መጣ። ሲከፍቱት ባዶ ነው፤ ካርዱ ግን ሁለት ዲስክ አለው ይላል። በግምገማው ላይ ሌብነት የሚል ቃል ሲነሳ፣ ባለሙያው ቆሞ ለእኔ ነግሮኝ እንደሄደ አስረዳ። አለቃችን ወደ እኔ ዞሩ።

«ነግሮሃል?»

«አላስታውስም» አልኩ።

ባለሙያው አየኝና ተቀመጠ። በማግስቱ ሁለተኛውን ሰርቨር ከፍተው የዲስኮቹን ቁጥር ሲያመሳክሩ ከሌብነቱ ነጻ ወጣ። ሆኖም ያለ ካርድ ሠርቷል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ወደ ዓለም ከተማም ተዛወረ። ቁልፉ ወደ እኔ ተመለሰ። ልጄ፣ ቅናት የሰው እንጀራ ውስጥ እጁን እንደሚያስገባ ከእኔ እወቂ።

የሚሄድበት ዕለት ጠዋት፣ አውቶቡሱ ውጭ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ባለሙያው ወደ ማሽኖቹ ክፍል መጣ። ሊሰድበኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ያሳየኝ ጀመር።

«መብራት ሲጠፋ ባትሪው ጥቂት ደቂቃ ይይዝልሃል። በዚያ ጊዜ ቀስ ብለህ በሥርዓቱ ዝጋው። ዝም ብለህ ከነቀልከው የሰው መሬት ከመዝገብ ይጠፋል።»

አጎንብሼ እያንዳንዱን ቃል ጻፍኩ። ቀና ስል ወጥቷል። በሩ ላይ ስደርስ ኮሪደሩ ባዶ ነበር፤ አውቶቡሱ ግን ገና እያጓራ ነው። ብሮጥ እደርስበት ነበር። አልሮጥኩም።