የድንበሩ ድንጋይና የአጎቴ አሜን

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ... ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለችው በእናቴ አገር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቆሜያለሁ። ይሄን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ብርቄ የምትባል የአጎቴ ጎረቤት አለች። ባሏ ከሞተ ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ሦስት ልጅ የምታበላው ከአንዲት የገብስ ማሳ ነው። ማሳዋ ከአጎቴ ከካሳው ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ ድንበሩ ደግሞ መሀል ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው። ዘንድሮ ዘር ልታዘራ ብትወጣ ድንጋዩ ስምንት ትልም ያህል ወደ እሷ ገብቶ አገኘችው። ድንጋይ እግር የለው...

ሽማግሌ ጠየቀ፤ ሁሉም «አላየሁም» አለ። አጎቴማ «ድሮም እዚያው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ እትዬ ብርቄ ግዝት ለመነች። ለማታውቁ... ቄሱ ሕዝቡን ሰብስበው ያጠፋውንም፣ አይቶ የደበቀውንም ያወግዛሉ። ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ይዞ ዝም ያለ ሰው እርግማኑን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል።

አባ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «የዚህችን መበለት ድንበር የገፋ፣ ሲገፋ ያየ፣ አይቶም የሸሸገ፣ በቃለ ጴጥሮስ የተገዘተ ይሁን።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ማን ይመስላችኋል... አጎቴ። ዓይኑን ጨፍኖ አሜኑን እንደ ዜማ ጎተተው። እኔም ከኋላው ሆኜ አልኩ።

አሁን የኔን ጉድ ስሙ። ያን ድንጋይ የገፋነው እኔና እሱ ነን። ከሦስት ሳምንት በፊት ድንች ልጭን ባጃጄን ይዤ ብሄድ፣ አጎቴ በዲጂኖ ድንጋዩን ሲታገል አገኘሁት። «ና እስቲ ትከሻህን አውሰኝ፣ በሬው መዞሪያ አጣ። እርሻው ሲያልቅ እንመልሰዋለን» አለኝ። «ምነው አጎቴ፣ ኪራይ ጨመርክበትና ቤት ሊለቅ ነው?» ብዬ እየሳቅሁ ገፋሁ። እርሻው አለቀ፤ ድንጋዩ አልተመለሰም። እኔም የእናቴ ወንድም ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ሕዝቡ መበተን ሲጀምር በአባ ላይ ትንሽ ላሾፍ ብዬ ጠጋ አልኩ። «አባ፣ ግን አሜን ማለት ምንድን ነው? እኔ እኮ ‹ጨርሰናል፣ ወደየቤታችሁ› ማለት ይመስለኛል።» ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ከልቤ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ምን ያውቃል።

አባ አልሳቁም። «ቃሉ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው ልጄ። ጽኑ ነው፣ እውነት ነው፣ ይሁን ማለት ነው። አመነ፣ ታመነ፣ እምነት የምንለውም የዚያው ዘር ነው። በሙሴ ጊዜ ሕዝቡ ቆሞ እርግማኑ አንድ በአንድ ሲነገር፣ በእያንዳንዱ አሜን እንዲል ታዝዞ ነበር። አንዱ እርግማን የጎረቤቱን ድንበር ለሚያፈርስ ነው። አሜን ያለ ሰው ፈርሟል ማለት ነው። ቅድም የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምከው ግን አንተ ነህ።»

ዞር ብል አጎቴ እትዬ ብርቄን «አይዞሽ፣ እግዜር ያወጣዋል» እያለ ያጽናናታል። እዚህ ላይ ነው የነደድኩት። መቀማቱስ ይሁን... ቀምቶ ማጽናናት ምን የሚሉት ነው?

«ድንጋዩን የገፋነው እኔና አጎቴ ነን» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ግቢው በሳቅ አለቀ። «ይሄ ደግሞ ጀመረው» አለ አንዱ። አምና በውሸት «የሊማሊሞ መንገድ ተደርምሷል» ብዬ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን ገበያተኛ ከነአህያው ያስመለስኩትን አልረሱልኝም። እትዬ ብርቄ ግን አልሳቀችም። «በኔ ድህነትስ አትጫወት ልጄ» አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አጎቴም ፈገግ ብሎ «ተዉት፣ ልጅ ነው፣ አመሉ ነው» አለ።

አባ እጃቸውን አነሱ። «ዝም በሉ። አንተ፣ ና ወዲህ። ዋሽተህ ከሆነ የተገዘትክ ሁን። ለብቻህ አሜን በል።»

ሁሉም እኔን ያያል። «አሜን» አልኩ።

«ካሳው፣ አንተም ና። ገፍተህ ከሆነ የተገዘትክ ሁን። ለብቻህ አሜን በል።»

አጎቴ መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ... ደግሞ ጠረገ። «ቅድም ብያለሁ እኮ አባ።»

«ቅድም ከሰው ጋር ነው። አሁን በል።»

«የቅድሙ አይበቃም?»

አባ መስቀላቸውን ወደ እሱ ዘረጉ። እሱ ግን ወደኔ ዞሮ «የእህቴ ልጅ ሆነህ?» አለኝ። ሕዝቡም የሚፈልገውን ሰማ።

በዚያው ወደ ማሳው ተወረደ። «ለጉርብትናው ሲባል አራት አራት ትልም ተካፈሉ» ያለ ሽማግሌ አልጠፋም፣ ይታያችሁ። እትዬ ብርቄ ስምንቱንም አስቆጥራ ወሰደች። እኔ ደግሞ ምስጋና ስጠብቅ «አንተም ገፍተሃል» ብላ ድንጋዩን ብቻዬን አስመለሰችኝ። ጀርባዬ እስካሁን ያመኛል።

አጎቴ ደጄን እንዳትረግጥ ብሎኛል። እናቴ ስልኬን አታነሳም። እኔ ግን ንዴቴ ያልበረደው በድንጋዩ አይደለም... በዚያ በጎተተው አሜን ነው። ከኋላው ሆኜ ባልኩት በራሴም ጭምር።

አሜን በጅምላ ቀላል ነው ጎበዝ... ጉሮሮ የሚይዘው ችርቻሮው ነው።