የገዛ ልጄ አክስት

ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። ቦትስዋና ያለ ሆስፒታል ለሁለት ዓመት ቀጠራትና የሥራ ቪዛዋ መጣ። በሦስት ወር ውስጥ ካልገባች ይቃጠላል ተባለ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቪዛ ብቻውን የትም አያደርስም ነበር። ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ከዚያም ትመለሳለች ብሎ የሚፈርም ዋስ። እሷ ወረቀቱን እያገላበጠች ስትስቅ፣ እኔ የቀበሌያችን መዝገብ ትዝ አለኝ።

መዝገቡ ላይ ልጄ የለችም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ከዓመታት በፊት፣ ወጣት ከየቤቱ በሚለቀምበት ጊዜ፣ የእኔዋ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ምንም አላጠፋችም፤ ግን ማን ጠይቆ። ከምንኖርበት ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ሰርቦ፣ እህቴ ዘንድ ደበቅኋት። የቀበሌ ሰዎች ቤተሰብ ሊቆጥሩ ሲመጡ ያሉኝ ሁለት ወንዶች ብቻ ናቸው አልኩ። እህቴም እዚያ ስታስመዘግባት የአባቷን ስም ሳትነካ፣ የእናት ስም በሚለው ቦታ የራሷን አስገባች። ባሌ ቀደም ብሎ ሞቷል። ጎረቤቶቼ ያውቁ ነበር፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲታደል በሦስት ሰው ልክ እየወሰድኩ ኖርኩ። ጊዜው ሲረጋጋ ልጄ አዳሪ ገብታ ተማረች፤ ስትመረቅም ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ክፍል ሰጧት። እንደገና ላስመዝግባት ብዬ ስንት ጊዜ እስከ ቀበሌው በር ሄጄ ተመልሻለሁ። ያኔ ለምን ደበቅሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ከልጄ ጋር ሰርቦ ሄድን። እህቴ ቀይ ቡና ለማድረቅ እያሰጣች ነበር። ነገሩን ስነግራት እጇን ከቡናው እንኳ አላነሳችም።

«ኤጋ ማል ጎና፣ ምን እናድርግ? አሁን እውነቱን ብንናገር እኛ እንታሰራለን፣ እሷም ትቀራለች። ወረቀቱ ልጄ ናት ካለ ልጄ ናት።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞር አለችና «ሳላምጥ ነርስ ወለድኩ» ብላ ሳቀች።

የሰርቦው ደብዳቤ በሳምንቱ ወጣ። ዋሱ ግን የሥጋ ዘመድ፣ የጅማ ከተማም ነዋሪ መሆን አለበት ተባለ። ወንዶቹ ልጆቼ ከጅማ ወጥተዋል፤ ከእኔ ሌላ ማን አላት?

የቀበሌያችን ጸሐፊ በቅርቡ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ የተመደበ ወጣት ነበር፤ አያውቀንም። እዚያ እስክንደርስ ልጄን በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አሳስቤያታለሁ፤ እማዬ የሚለው ቃል እንዳያመልጣት።

«ምኗ ነዎት?» አለኝ።

«አክስቷ።»

ቀና ብሎ ሁለታችንን አየ። «በአፍንጫ አንድ ናችሁ» አለ። እጄ ብዕሩን አልይዝ ሲለኝ ደግሞ «አክስት እንዲህ ከተንቀጠቀጠች፣ እናትየው ብትመጣ አምቡላንስ ልንጠራ ነበር» ብሎ ሳቀ። ልጄም አብራው ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ደረቅ ሳቅ ነበር።

ካልተመለሰች የምጠየቀው እኔ እንደሆንኩ፣ ያለ ፈቃድም ከከተማ እንደማልወጣ አነበበልኝ። ገብቶኛል አልኩ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። «ዝምድና» በሚለው መስመር ላይ «አክስት» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ቪዛው ሊቃጠል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሄደች።

ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ አልተመለሰችም። በሰው አፍ አትመለሺ ብዬ የላክሁባት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሲጠሩኝ አልደነገጥኩም። በየወሩ መጀመሪያ ቀበሌ ሄጄ እንድፈርም ታዘዝኩ። እህቴ ዘንድ ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት ስጠይቅ፣ ተጓዧን አምጪና ትሄጃለሽ ይሉኝ ጀመር። ሰርቦ ቅርብ ነው፤ መኪናው በቤቴ በር ያልፋል።

ደብዳቤዎቿ ፖስታቸው እንደገና ተለጥፎ ነው የሚደርሱኝ። ይህን ስለማውቅ ገና ሳትሄድ «ውድ አክስቴ» እያልሽ ጻፊ ብያት ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። በአንዱ ደብዳቤ፣ እዚያ አገር ሠራተኛ እናቱን ማስመጣት እንደሚፈቀድለት፣ ቅጹን ልትሞላ እንደ ጀመረች ጻፈች። የእናት ስም ከሚለው ስትደርስ ግን ቅጹን አጣጥፋ አስቀመጠችው። ወረቀቷ ሁሉ በእናትነት የሚጠራው እህቴን ነው።

መልስ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ሳላስበው «ውድ ልጄ» ብዬ ጀመርኩ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ከተትኩና ሌላ አወጣሁ። «ለእህቴ ልጅ» ብዬ ጻፍኩ፤ ደህና ነኝ፣ እናትሽም ደህና ናት አልኩ።