በባዶ እግር የሚነካ ማሽን

እኔ ሲነግሩኝ የምሰማ ሰው አልነበርኩም። ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ተብሎ የሚጠራው እኔ ነበርኩ፤ ይሄ ደግሞ ልቤን አሳብጦት ነበር። "ይሄ ነገር ልክ ነው?" ያለኝን ሁሉ "አንተ ደግሞ ማን ነህ?" ብዬ አፉን አስይዘው ነበር። የማትፈራኝ ሚስቴ ብቻ ነበረች።

ዘመኑ የደርግ ነው። የደብራችን አለቃ፣ የንስሐ አባቴም ናቸው፣ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። ለደብረ ታቦር በዓል ሲሰብኩ ከፊት የቆመው ይሰማል፤ ከኋላ ያለው ዝናብ ላይ ቆሞ ከንፈራቸውን ያያል። የቀበሌው ማይክሮፎን ለስብሰባና ለመፈክር እንጂ ለቤተ ክርስቲያን አይወጣም። እኔ ግን አንድ አምፕሊፋየር ከነማይክሮፎኑ አገኘሁ። ከአብዮቱ በፊት እዚህ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ሲሄድ ለአከራዩ የተወው ነው፤ ዓመታት በጆንያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ኖሯል።

አለቃ አልፈለጉትም። "ተወኝ ልጄ፣ እግዜር የሰጠኝ ድምፅ ይበቃኛል" አሉ። ለመንኳቸው፣ ተነጫነጭኩ፣ በመጨረሻ "ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን!" አልኳቸው። ይህችን ቃል ሳስባት ዛሬም ትከብደኛለች።

ማሽኑ የተሠራው ለአገሩ ነው። የእነሱ መብራት መቶ አሥር ቮልት፣ የእኛ ሁለት መቶ ሃያ። የሶኬቱ እግሮች ጠፍጣፋ፣ የእኛ ግድግዳ ቀዳዳ ክብ። ጠፍጣፋውን ቆርጬ ጣልኩና እንዲህም ቢሰኩት እንዲያም ቢሰኩት የሚገባ ክብ እግር ገጠምኩለት። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ጠመጠምኩ። የመዳብ ሽቦ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ሁለት የተለያየ ጥቅል መሥራት ሲገባኝ በአንድ ጥቅል ጨረስኩት፤ ከግድግዳው የሚመጣውም ወደ ማሽኑ የሚሄደውም በዚያው በአንዱ ሽቦ ይገናኛሉ። መቶ አሥር ወጣ? ወጣ። ማሽኑ ተናገረ? ተናገረ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ!

ሱቄ የቤታችን የፊት ክፍል ነበረች። አንድ ጠዋት ሚስቴ ወለሉን ስታጥብ የማሽኑን ቆርቆሮ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና "ወይኔ!" ብላ ባልዲውን ደፋችው።

"ነዘረኝ!"

"ምን ይነዝርሻል? እኔ ታቅፌው ስውል ያልነዘረኝ!" ቆርቆሮውን በመዳፌ ቸብ ቸብ አደረግሁላት። ምንም የለም።

"አንተማ ጎማ ጫማ አድርገሃል። አውልቅና ንካው።"

"ባለሙያው እኔ ነኝ አንቺ?"

"ባለሙያውስ አንተ ነህ። የነዘረው ግን እኔን ነው" አለችና ባልዲዋን አንሥታ ወጣች።

ጫማዬን አላወለቅሁም። እልህ ነዋ!

ከበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀር ማሽኑን ለሙከራ ወሰድኩት። ነሐሴ ነው፤ ሲዘንብ አድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውኃ አቁሯል። እንደ ሰዉ ሁሉ ጫማዬን ከግቢው በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ከሰንበቴ ቤቱ ሽቦ ስቤ፣ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። ማብሪያው ፕላስቲክ ስለሆነ ሳበራው ምንም አልተሰማኝም።

አለቃ ጸሎታቸውን ጨርሰው መጡ። ባዶ እግራቸው እርጥቡ ሣር ላይ፣ በእጃቸው የናስ መስቀላቸው። "እንግዲህ ከመናገሬ በፊት ልባርከው" አሉና መስቀሉን ወደ ቆርቆሮው ዘረጉ።

ያን ጊዜ እግሬን ቀዘቀዘኝ። የእኔም እግር ባዶ ነው፣ ከሥሬ ውኃ ነው። የሚስቴ ጩኸት በጆሮዬ መጣ።

"አይንኩት!" ብዬ እጃቸውን ገፈተርኩት። የካህን እጅ፣ ያውም መስቀል የያዘ! አጠገባችን የነበሩት "አበስኩ ገበርኩ!" አሉ። እኔ ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ።

ሰዉን ሁሉ ካራቅሁ በኋላ አንድ አምፖል አመጣሁ። አንዱን ሽቦውን ከማሽኑ ቆርቆሮ፣ ሌላውን መሬት ላይ ከተከልኩት ብረት አሰርኩና መልሼ ሰካሁት። አምፖሉ ቦግ አለ። የማሽኑ አንዱ ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ ነበርና የግድግዳው ኃይል እንዳለ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጧል! አለቃ አምፖሉን አዩ፣ መስቀላቸውን አዩ። ከዚያ ሳቅ አሉና "ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለካ ለዚህ ነው" አሉኝ። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያልኩ አለቀስኩ። ቆመው ሲስቁብኝ ማየቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ማሽኑን የሠራውን አልወቅስም። እሱ ጫማ አድርጎ ደረቅ ወለል ላይ የሚቆም ሰው አስቦ ሠራ። የአገሬን ሰው እግር የረሳሁት እኔ ነኝ። አለቃን መቅደስ ደጅ ላይ ጫማ ያድርጉ አይባል፤ መለወጥ ያለበት ማሽኑ ነው። የተቃጠሉ ትራንስፎርመሮች ፈትቼ ሽቦ አጠራቀምኩ። የማይነካኩ ሁለት ጥቅሎች ጠመጠምኩ፣ በመካከላቸው ወፍራም ወረቀት አደረግሁ፣ ሁሉንም በእንጨት ሣጥን ከተትኩት። ከቆርቆሮውም አንድ ሽቦ አውጥቼ መሬት ውስጥ ከቀበርኩት ብረት ጋር አሰርኩት። ሚስቴ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ "ትንሽ ማስተካከያ አለው" አልኳት።

በበዓሉ ዕለት በባዶ እግሬ እርጥቡ መሬት ላይ ቆሜ መጀመሪያ እኔ ነካሁት። ቀጥሎ አለቃ መስቀላቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳረፉ። ምንም አልሆነም። ምንም! ድምፃቸው እስከ ግቢው አጥር ደረሰ፤ ከኋላ የቆሙት እልል አሉ። እኔ ከስብከቱ አንድ ቃል አልያዝኩም፣ እግራቸውን ሳይ ነው የዋልኩት።

በማግሥቱ ለንስሐ ሄድኩ። "አባቴ፣ ለጥቂት ተረፉ እንጂ ገድዬዎት ነበር። ደግሞም አስቀድሞ ተነግሮኛል" አልኳቸው።

"ማን ነገረህ?"

"ሚስቴ። ነዝሯት ነበር።"

"እግሯ ባዶ ነበር?"

"አዎ።"

"ወለሉስ?"

"እያጠበች ነበር።"

አለቃ ቀና ብለው አዩኝና "ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ተረፉ እያልክ የምታመሰግነው ስለ እኔ ብቻ ነው?" አሉኝ። "ሂድ። ቤትህ ግባ።"

እግዚኦ! ይሄ እኮ አንድም ጊዜ አልታሰበኝም። ዝናቡን ሳልሸሽ ሮጥኩ። ሚስቴ ጓዳ ጎመን ታማስላለች።

"የትኛዋ ጣትሽ ናት?"

"የምን ጣት?"

"ማሽኑ የነዘራት።"

ግራ ገብቷት ሌባ ጣቷን አሳየችኝ። እጇን በሁለት እጄ ይዤ "ልክ ነበርሽ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "በል ልቀቀኝ፣ ጎመኑ ሊያር ነው።"

አልለቀቅኋትም። ያን ቀን ያረረ ጎመን በላን።