የመረጥናቸው ወኪል

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሶማሌ ተራ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ውጭ አገር የሚሸጥ የሸራ ቦርሳ እንሰፋ ነበር። ጠዋት ስንገባ አሠሪያችን ጋሼ የብረቱን በር ከውጭ ይቆልፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ታች ወዳለው ሱቃቸው ይወርዳሉ። ዕቃ እንዳይወጣ ነው። የሚከፈተው ለምሳ ብቻ ነው፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ ታች ግቢ ውስጥ።

አጠገቤ የምትሰፋው ጓደኛዬ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ውሃ መጠጣት ትታለች። ከንፈሯ ደርቆ ሳይ ንዴቱ ይገድለኛል፤ ግን ምን አባቴ ላድርግ? እዚያ የገባሁት አጎቴ ተያዥ ሆኖኝ ነው። ጋሼን ባስቀይም አጎቴን ማዋረዴ ነው። ሁላችንም እንዲሁ በዘመድ ታስረን ነበር።

አንድ ቀን ቦርሳውን ከሚገዛው ድርጅት አንዲት ፈረንጅ ልትጎበኘን መጣች። ያን ዕለት በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። በአስተርጓሚዋ በኩል ለጠየቀችን ሁሉ “ደህና ነው” አልን። በመጨረሻ ጋሼን ውጭ እንዲጠብቁ ጠየቀቻቸውና፣ ቅሬታችንን የሚያደርስ ወኪል ከመሃላችን እንድንመርጥ ነገረችን። ልቤ በደስታ ዘለለ። ጓደኛዬን ልጠቁም አፌን ከፈትኩ።

ለካ የጋሼ ባለቤት እትዬ ያን ዕለት እኛ ዘንድ ወጥተው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ክር እየቆረጡ ያግዙን ነበር። ፈረንጇ ሠራተኛ መስለዋታል። ታዲያ እሳቸው ቁጭ ብለው ሌላ ሰው እንዴት ይጠራል? ነውር ነው።

“እትዬ ይሁኑልን” አለች አንዷ ከኋላ።

“እውነት ነው፣ ትልቃችን እሳቸው ናቸው።”

እጃችንን አወጣን፤ ጓደኛዬም አወጣች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች! ፈረንጇ አጨበጨበችልን።

ጋሼ እንግዳዋን ሊሸኙ ሲወርዱ እንደ ልማዳቸው በሩን ቆለፉት። እትዬ ከኛው ጋር ውስጥ ቀሩ።

“እትዬ፣ እንግዲህ ወኪላችን ነዎት” አለች ጓደኛዬ፣ ሆዷን ይዛ። “ያስከፍቱልኝ፤ ሽንቴን መያዝ አልቻልኩም።”

ተነሥተው አንኳኩ። በመዳፋቸው ደበደቡት፤ “አንተ ሰውዬ! እኔ ነኝ!” እያሉ።

“ምንድን ነው ጫጫታው? ሥራችሁን አትሠሩም?” አሉ ጋሼ ከታች።

እትዬ ዞረው አዩን፤ ፊታቸው በእፍረት ቀልቶ ነበር። ከዚያ የቁርጥራጭ ጨርቁን ባልዲ ወለሉ ላይ ደፉና ባዶውን ጥግ አኖሩት። ነጠላቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘረጉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“ነይ፣ ልጄ” አሏት።