ሎሳሊኔና የደቡቡ አለት መብራት

ሎሳሊኔ በሃአፓይ ደሴቶች ወደብ የባሕር ሬዲዮ ላይ መሥራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የአንዱ አለት መብራት ሲጠፋ ወይም የአንዱ መተላለፊያ ምልክት በማዕበል ሲወሰድ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ማስጠንቀቂያውን ለጀልባ ነጂዎች ታነባለች። ወረቀቱ ቁጥር ብቻ ነው። እንደተጻፈ ብታነበው ጆሮ የሚሰጣት እንደሌለ ገና በመጀመሪያው ወር ስለገባት፣ ነጂዎቹን በየስማቸው እየጠራች፣ በቀልድ ትንሽ እየነካካቻቸው ነው የምትጀምረው።

ያን ቀን አሥር ሰዓት ላይም እንዲሁ ጀመረች።

«ዛሬ አንድ መብራት ጠፍቷል፤ የትኛው እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ፔኒሶኒ፣ አንተ በተለይ ስማ። ባለፈው ከነጀልባህ አለት ላይ ወጥተህ፣ አለቱ ነው የመጣብኝ ብለሃል አሉ።»

«እኔማ በቦታዬ ነበርኩ» አለ ሽማግሌው። «መብራቱ ሳታገቢ መቅረትሽን አይቶ አዝኖ ነው የጠፋው።»

በየጀልባው ተሳቀ። እሷም ስቃ ስታበቃ አነበበች፤ የጠፋው የደቡቡ አለት መብራት ነው። ነጂዎቹ በየተራ «ሰማሁ» አሉ። ወንድሟ ሶሳያ ብቻ አልመለሰም። እሱ መቼም መልሶ አያውቅም። በእነሱ ባህል እህትና ወንድም አይቀላለዱም፤ ዝምታውን ሁልጊዜ ለአክብሮት ትቆጥርለት ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ አሜሊያ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛላት መጣች።

«ሶሳያ የቤተ ክርስቲያኑን ሴት መዘምራን በጀልባው ጭኖ ሲመሽ ይገባል» አለቻት።

«በደቡብ በኩል? መብራቱ መጥፋቱን መቼም ሰምቷል።»

«የት ይሰማል? እናንተ መቀለድ ስትጀምሩ ሬዲዮውን ይዘጋዋል እኮ። እህቴ ባለችበት እንዲህ ያለ ነገር አልሰማም ይላል።»

ሎሳሊኔ ጎደሬውን አስቀመጠች። ወንድሟን ሦስት ጊዜ ጠራችው፤ ሬዲዮው ዝም አለ። ሊመሽ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ፔኒሶኒ፣ የት ደረስክ?»

«ቤቴ ደጅ፣ ጀልባዬን እያሰርኩ ነው። ሚስቴ ዓሣውን በኮኮናት ወተት ሠርታ...»

«አባቴ» አለችው። እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። «ሶሳያ አልሰማም። ሬዲዮውን ዘግቶታል። በእኛ ምክንያት ነው።»

ሽማግሌው አልቀለደም። ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ተሰማ።

አሜሊያ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ባሕሩ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ጎደሬው ቀዘቀዘ።

«አገኘሁት» አለ ፔኒሶኒ በመጨረሻ። «አለቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ባትሪዬን እያወዛወዝኩ አስቆምኩት። አሁን ከኋላዬ እየመጣ ነው፤ ሴቶቹም ይዘምራሉ። ሬዲዮህን ክፈት ብዬዋለሁ፤ እኔም አፌን ዘግቻለሁ።»

ሎሳሊኔ ወረቀቱን አነሳች። እንደ ተጻፈው፣ ከነቁጥሩ፣ ያለ አንዳች ቀልድ አነበበችው።

«ሰማሁ» አለ ሶሳያ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በሬዲዮ የሰጣት የመጀመሪያው መልስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሎሳሊኔ የምትጀምረው ከማስጠንቀቂያው ነው። ከሁሉ በፊት ወንድሟ «ሰማሁ» ይላል፤ ከዚያ ሬዲዮውን ይዘጋል። ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

«ዘጋ?» ይላል ፔኒሶኒ ቀስ ብሎ።

«ዘጋ» ትላለች።

«እንግዲህ፣ ስለዚያ እስካሁን ስላልተገኘው ባልሽ ነገር...»